የክፍለ ሀገር የቴአትር ተጫዋች ምን በልቶ ይኖራል?

(በተማሮች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ በአንዳንዶቻችን ዘንድ እንደ ጨዋታ ይቆጠር ይሆናል። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ሥራ አጥነት መወያየት ሲገባን ስለ ቴአትር ተጫዋች መናገር ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይህም ራሱ የሥራ ጉዳይ ነው። በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝብን የሚያስቅና የሚያስለቅስ ልጅ ትምህርቱን የጨረሰ ዕለት ያ ስጦታው የት ይገባል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳንፈልግ «ኪነ ጥበብ ይስፋፋ» እያልን ብንናገር ቃላችን ፍሬ አይሰጥም።

በመጀመሪያ ስለምንኖርባት ከተማ አንድ ነገር እናስታውስ። በሀገራችን የመጀመሪያው የቴአትር ድርሰት የሚባለውን የአውሬዎች ኮመዲያ የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ድርሰቱ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ታየ፤ አውሬዎችን እያናገረ የሹማምንቱን ብልሹ አሠራር ስለ ነቀፈም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እኚሁ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጨርጨር ገዢ ሆነው ተሾሙ፤ አሰበ ተፈሪንም የግዛቱ ዋና ከተማ አድርገው ቆረቆሩ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ጭሮ የምንላትን፣ ብዙ ሰው ግን አሁንም በቀድሞ ስሟ የሚጠራትን ከተማ የመሠረተው እጅና የሀገሪቱን የመጀመሪያ ቴአትር የጻፈው እጅ አንድ ነው። ሆኖም ቴአትር በመጫወት ብቻ ቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በሙያው አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው በዚህች ከተማ ማግኘት እጅግ የሚያስቸግር ነው። ምክንያቱ ምንድር ነው?

ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንቀበለውም። ሐረርጌ ተዋናይ ያልወለደች ምድር አይደለችም። ከታላላቆቹ የቴአትር ሰዎቻችን አንዱ ተስፋዬ ገሠሠ የሐረርጌ ተወላጅ ናቸው። ነገር ግን የሄዱበትን መንገድ እንመልከት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሩ፣ በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አጠኑ፣ ተመልሰውም ሀገር ፍቅርንና ብሔራዊ ቴአትርን በየጊዜው መሩ። ሙያው ሁሉ ያለው በዋና ከተማው ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1971 ዓ.ም. ተቋቋመ። ትምህርት ቤቱም፣ ደመወዙም፣ ዘወትር የሚከፈተው መጋረጃም በአንድ ከተማ ተሰበሰበ።

በክፍለ ሀገር ግን የመድረኩ ታሪክ ሌላ ነው። በሦስት ዘመናት አልፏል ብንል ከእውነት አንርቅም።

በመጀመሪያው ዘመን ቴአትር የበዓል ነገር ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ ልደት ሐምሌ 16፣ ለዘውድ በዓል ጥቅምት 23፣ ወይም ለትምህርት ቤት መዝጊያ መምህሩ ድርሰት ይጽፋል፣ ተማሮች ይጫወታሉ፣ ወላጆች ያጨበጭባሉ። ተጫዋቹ በማግሥቱ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። በሁለተኛው ዘመን፣ በደርግ ጊዜ፣ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። እንደ ወሎው ላሊበላ፣ እንደ ጎንደሩ ፋሲለደስና እንደ ጎጃሙ ግሽ ዓባይ ያሉ የክፍለ ሀገር ቡድኖች ስማቸው በሀገሩ ሁሉ ተሰማ። ከገጠርና ከትንንሽ ከተማ የወጣ ወጣት በብዛት መድረክ ያየው በዚያ ዘመን ነው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን መድረኩ የቅስቀሳ መሣሪያ ስለ ነበር በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ከቡድኖቹ ብዙዎቹ ተበተኑ። በሦስተኛው ዘመን ደግሞ ድርጅቶች ስለ ኤድስ፣ ስለ ግርዛት፣ ስለ ንጽሕና የሚያስተምር አጭር ድራማ ማሠራት ጀመሩ። ተጫዋቹም በቀን አበል ይሠራል፤ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ አበሉ ይቆማል።

እነዚህ ሦስት ዘመናት በዓላማ የተለያዩ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በሦስቱም ተጫዋቹ የሚጠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። ለሠርግ የተጠራ ዘፋኝ ሠርጉ ሲያበቃ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በዓሉ ሲያልፍ፣ ቅስቀሳው ሲቀር፣ በጀቱ ሲዘጋ ተጫዋቹ ይሰናበታል። እኛ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው፦ የክፍለ ሀገር ተዋናይ ያጣው ጭብጨባ አይደለም፤ ያጣው ነገ ማታ የሚጫወትበትን መድረክ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። በአዲስ አበባ አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ተመልካቹ ብዙ ነውና። በትንሽ ከተማ ግን ሁለት ወር የተለማመዱት ድርሰት በሁለት ማታ ያልቃል፤ ሊያይ የሚፈልገው ሰው ሁሉ አይቶታል። ስለዚህ አንዲት ከተማ ብቻዋን ተዋናይ ልትቀልብ አትችልም። ከተሞቹ ሲያያዙ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን 8 መቶ ሺህ በላይ ነበር። ከምኤሶ ተነሥቶ ወደ ጭሮና ወደ ሂርና የሚወስድ መንገድ አለ፤ ከጭሮ ደግሞ ወደ በዴሳ፣ ወደ ገለምሶና ወደ መቻራ የሚገነጠል አለ። እነዚህ ስድስት ከተሞች ናቸው። በእያንዳንዱ ሁለት ማታ ቢታይ 12 ማታ ይሆናል፤ በዓመት ሦስት ድርሰት ቢዘጋጅ 36 ማታ ነው። 36 ማታ ብቻውን የዓመት ቀለብ እንደማይሆን እናውቃለን። ነገር ግን ከከተሞቹ አስተዳደር ትንሽ ቋሚ ደመወዝ፣ በየትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ከማሠልጠን የሚገኝ ክፍያና የመግቢያ ገንዘብ ሲደመሩ አንድ ሰው «ሥራዬ ቴአትር ነው» ብሎ ሊናገር ይችላል።

ይህ ሕልም አይደለም። በናይጄርያ ሂዩበርት ኦጉንዴ የሚባለው ሰው ፖሊስ ነበር። በ1940ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሥራውን ለቆ የቴአትር ጓድ አቋቋመ፤ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ በሕዝቡ ቋንቋ በዮሩባ ተጫወተ፤ ከእርሱም በኋላ ብዙ ተጓዥ ጓዶች ተነሡ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳ ምሳሌ ነው። የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ተጓዥ ቴአትር መሥርተው በየከተማውና በየመንደሩ መግቢያ ሳያስከፍሉ በእንግሊዝኛና በአገሬው ቋንቋዎች አሳዩ። ተማሮች ነበሩ፤ እንደ እኛው።

የአገሬው ቋንቋ ያልነው በከንቱ አይደለም። የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። የምንኮራበት የቴአትር ታሪካችን ግን ከአውሬዎች ኮመዲያ ጀምሮ በአብዛኛው የተጻፈው በአማርኛ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ድርሰት እንዳለ ተወስዶ በገለምሶ ገበያ ቀን ቢታይ ገበሬው ልብሱን አይቶ ይመለሳል እንጂ ነገሩን አይሰማም። በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ሕዝብ ንግግር የሚያውቅ ሕዝብ ነው። በኦዳ ቡልቱም ጥላ ሥር ሕግ በቃል ሲደነገግ የኖረበት፣ በሸጎዬ ወጣቱ በግጥም የሚጠያየቅበት አገር ነው። ከዚህ ምንጭ የሚቀዳ ደራሲና በሁለቱም ቋንቋ የሚጫወት ተዋናይ ቢገኝ አዳራሹ ባዶ አይሆንም። ጓዱም የአገሩን ወራት ማወቅ አለበት፤ ቡና ተሸጦ እጅ በሚፈታበት ጊዜ መምጣትን፣ በረመዳን የጾሙን ሰዓት ማክበርን፣ ሴቶች ማታ መውጣት በማይመቻቸው ስፍራ በቀን ማሳየትን መማር አለበት።

ስለ እኅቶቻችንም ሳንናገር ብናልፍ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። በጥንቱ የአዲስ አበባ መድረክ እንኳ የሴትን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ዛሬም በትንሽ ከተማ መድረክ ላይ የወጣች ልጅ ስሟ ቶሎ ይነሣል፤ አባት «ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» ይላል። አባትን መሳደብ መልስ አይሆንም። መልሱ ሥራው ደመወዝና ሥርዓት ያለው፣ ልምምዱ በቀን የሚደረግ፣ ጉዞው ኃላፊ ያለው እንዲሆን ማድረግ ነው። ሰው የሚያከብረው ሙያ ሠራተኛውን የሚያኖር ሙያ ነው። አስተማሪነትና ነርስነትም ለሴት ልጅ የተከበሩት በዚህ መንገድ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ «ዛሬ ሁሉም በስልኩ ድራማ ያያል፤ መድረክ ማን ይፈልጋል?» ይላሉ። በስልኩ የሚታየው ተዋናይ ግን ሂርና ስለ ሳቀችበትና ስላላመነችበት ነገር የሚያውቀው የለም። በመድረክ ላይ ያለው በዚያው ቅጽበት ያውቃል፤ በነጋታው በበዴሳ ያንኑ ነገር አርሞ ይጫወታል። ተዋናይ ሙያውን የሚማረው እንዲህ ነው፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ደግሞ በደጃችን አለ።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመጪው የዕረፍት ጊዜ አንድ አጭር ድርሰት በሁለቱም ቋንቋ ተዘጋጅቶ ቢያንስ በሦስት ከተሞች ይታይ፤ ድርሰቱም ማንም ያላዘዘን፣ ስለ ሰው ኑሮ የሚናገር ይሁን። ሁለተኛ፣ በየከተማው በቀድሞ የኪነት ቡድን የተጫወቱ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይጻፍ፤ ያለ እነርሱ የምንጀምር ከሆነ ሁልጊዜ ጀማሪ ሆነን እንቀራለን። ሦስተኛ፣ ወጪያችንና ገቢያችን በዝርዝር ተመዝግቦ ለከተሞቹ አስተዳደሮች ይቅረብ። «ኪነ ጥበብ ጥሩ ነው» ብለን ብንለምን ምስጋና አግኝተን እንመለሳለን፤ «አንድ ማታ ይህን ያህል አስወጣ፣ ይህን ያህል አስገባ፣ ይህን ያህል ጎደለ» ብለን ብንቀርብ ግን ቢያንስ ሒሳባችንን ይመረምሩታል።

መምህራኖቻችን በምክር፣ ጓደኞቻችን በጉልበት እንዲረዱን እየለመንን፣ ለመጓዝ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለኅብረቱ ጸሐፊ እንዲያስመዘግብ እናሳስባለን።