ተመላልሶ ስለሚመጣ የአንጀት ሕመምና ስለ አዲሱ ማከሚያው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለጆሮ ይከብዳል፤ ስለ ዐይነ ምድር ነው። ሆኖም የሰው ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ሳናፍር እንናገረዋለን፤ እናንተም ሳትስቁ ስሙን።

እንደሚታወቀው በገበያችን ውሎ የሚያድር ሰው ሆዱን ሲያመው ካርድ አውጥቶ ወረፋ ከሚጠብቅ አራት ፍሬ ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ ይቀለዋል። የቀን ገቢው ነውና አንፈርድበትም። ሻል ሲለው ደግሞ የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። መዘዙ እዚህ ላይ ነው።

በአንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ተሕዋስያን ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠላት አይደሉም፤ ምግብ በመፍጨት ይረዱናል፣ ቦታውንም ይዘው ክፉ ጀርም እንዳይሰፍር ይከለክላሉ። አንቲባዮቲክ ግን ክፉና ደጉን አይለይም። ደጎቹ ሲመናመኑ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲሌ የተባለው ባክቴሪያ ባዶ ቤት እንዳገኘ ሰው ገብቶ ይንሰራፋል። መርዙ አንጀት ያቆስላል፤ ብርቱ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ትኩሳት ያመጣል። በተለይ ሽማግሌዎችንና ሆስፒታል ተኝተው የወጡትን ያጠቃል፤ ይገድላልም። ክፋቱ ደግሞ ዳነ ከተባለ በኋላ መመለሱ ነው፤ ከስድስት ሕሙማን አንዱን ያህል በሁለት ወር ውስጥ ያገረሽበታል። ለምን ቢባል፣ ዘሩ በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ ይቆያል፣ የሚታከምበትም መድኃኒት ራሱ አንቲባዮቲክ ነው።

ታዲያ ሐኪሞቹ ምን አሰቡ? ደጎቹን ተሕዋስያን ከጤነኛ ሰው ዐይነ ምድር ወስዶ ለታማሚው መስጠት። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል! በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ፣ ዶክተር ቤን አይዝማንና ባልደረቦቹ በጽኑ የታመሙ አራት ሰዎችን በዚህ መንገድ ማዳናቸውን ጻፉ። በ2013 በኔዘርላንድ በወጣ ጥናት፣ ይህን ካገኙ 16 ሕሙማን 13ቱ በአንዱ ጊዜ ብቻ ሲድኑ፣ ቫንኮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ነበሩ። በ2022 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በፊንጢጣ የሚሰጠውን ረቢዮታን፣ በ2023 ደግሞ በካፕሱል የሚዋጠውን ቫውስትን ፈቀደ። ሁለቱም ይኸው ሕመም እንዳያገረሽ ነው እንጂ ለተቅማጥ ሁሉ አይደሉም።

ይህን ሰምቶ በቤቱ የሚሞክር እንዳይኖር አደራ። ሰጪው ሰው በደምና በዐይነ ምድር ምርመራ ተጣርቶ ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ በሚገባ ካልተመረመረ ዐይነ ምድር መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ተላልፎበት አንድ ታማሚ ሞቷል።

ለእኛስ? አብዛኛው ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ ኦአርኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለው፣ ካልቆመም ወደ ጤና ጣቢያ። እዚያም ባለፉት ሳምንታት የዋጣችሁትን ካፕሱል ሁሉ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ስሙ ካልተያዘላችሁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። በሽተኛ የምታስታምሙም እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ የዚህን ባክቴሪያ ዘር አልኮል አይገድለውም።