የገለጉና የመተማ ቆላ፤ ምርቱና ሕዝቡ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው ስለ ገለጉና ስለ መተማ ቆላ ኤኮኖሚና ሕዝብ ነው፡፡ መተማ ሲባል ሁላችንም ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት እናስታውሳለን፡፡ ቋራ ሲባልም የዐፄ ቴዎድሮስ ትውልድ አገር ትዝ ይለናል፡፡ ማስታወሳችን መልካም ነው፡፡ ነገር ግን ዛሬ በዚያ ምድር ላይ የሚያርመውንና የሚያጭደውን ሰው ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

የዚህ ቆላ ዋና ሀብት ሰሊጥ ነው፤ ጥጥና ማሽላም ይከተሉታል፡፡ ሰሊጥ ከቡና ጋራ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኙ ከቆዩት ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው፡፡ ዳሩ ግን ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፡፡ በደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያራግፋል፡፡ ስለዚህ በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፡፡ ያን ያህል እጅ በአካባቢው ስለማይገኝ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከወሎ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሠራተኛ ይወርዳል፤ ሥራው ሲያልቅም ይመለሳል፡፡

ነዋሪውም ቢሆን ሁሉም የቆየ አይደለም፡፡ ጉሙዙ የጥንት ባለአገር ነው፡፡ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ ግን ከደጋ ብዙ ቤተሰብ ወደ ቋራና ወደ መተማ አምጥቷል፡፡ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣም በመተማ ዮሐንስ በር ብዙ ሰው ሸሽቶ ገብቷል፡፡

እስቲ ከሌላ አገር ጋራ እናነጻጽር፡፡ በአየርላንድ ሊትሪም የምትባል የገጠር አውራጃ አለች፡፡ በ1841 እ.ኤ.አ. 155 ሺሕ ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የቀራት 25 ሺሕ ብቻ ነው፡፡ በረኀብና በስደት አለቀባት፡፡ ሆኖም መንግሥቷ በየጊዜው ስለቆጠረ ጉዳቷ በቁጥር ታወቀ፡፡ የእኛ ቆላ ችግር ሌላ ነው፤ ሰው በየዓመቱ ይሞላበታል፣ በየዓመቱም ይጎድልበታል፤ ይህን ግን የሚመዘግብ መዝገብ የለም፡፡ የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ በክልላችን የተደረገው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፡፡ በግንቦት ደግሞ ሰሊጡ ገና አልተዘራም፤ አራሚውም አጫጁም በየአገሩ ነው፡፡

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም፡፡ ጤና ጣቢያም የውሃ ጉድጓድም የሚታቀደው በተቆጠረው ሰው ልክ ነው፡፡ ያልተቆጠረው ሠራተኛ በጥቁሩ አፈር ላይ ሜዳ ያድራል፡፡ በወባ ትንኝ ይነከሳል፤ ከመሬቱ ስንጥቅ የምትወጣው የአሸዋ ዝንብም ካላአዛርን ታስይዘዋለች፡፡ ካላአዛር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው የሚገለጠው፡፡ ሰውየው ደጋ አገሩ ገብቶ ሆዱ ሲያብጥና ትኩሳቱ አልለቅ ሲለው፣ የት ከርሞ እንደመጣ ካልተጠየቀ በሽታው ሳይታወቅ ይቀራል፤ ካልታከመም ይገድላል፡፡

አንዳንዶች «ለጥቂት ወር ሥራ መጠለያ ማን ይሠራል?» ይላሉ፡፡ እኛም እንመልሳለን፤ ሠራተኛው ይለዋወጥ እንደሆነ እንጂ ሥራው በየዓመቱ አይቀርም፡፡ ለሰሊጡ መጋዘን የሚሠራ እጅ ለአጫጁ ዳስ መሥራት አያቅተውም፡፡

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፡፡ አንደኛ፤ በቆላው ወረዳዎች በአጨዳው ወራት ልዩ ቆጠራ ይደረግ፡፡ ሁለተኛ፤ አጎበርና መጠለያ ከደመወዙ ጋራ የውል ነገር ይሁኑ፡፡ ሦስተኛ፤ ሰሊጡ ሳይፈተግና ሳይጨመቅ ወደ ውጭ ከሚሄድ፣ በገለጉና በገንዳ ውሃ አካባቢ ማዘጋጃና የዘይት መጭመቂያ ይስፋፋ፤ ያን ጊዜ ሥራው ከአጨዳው ወራት ያልፋል፡፡

ከእኛ መካከል የወንድሙ የአረም ዋጋ ደብተርና እስክሪብቶ የሆነለት ጥቂት አይደለም፡፡ ነገ ሐኪም፣ መምህርና የጽሕፈት ቤት ሹም ስንሆን ከደጃችን የሚመጣውን ከሲታ ሰው «ዘንድሮ ወዴት ወርደህ ነበር?» ብለን እንጠይቀው፡፡ ያን መጠየቅ ካልቻልን የተማርነው ምኑን ነው?