ያ ሰልፍ ባይወጣ ኖሮ


ውድ ጀመዓችን! ባለፈ ነገር «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያሉ መቆጨት የሸይጧንን በር እንደሚከፍት ተምረናል። የዛሬው ጥያቄያችን ግን የምስጋና ነው፦ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ ለሰልፍ ባይወጡ ኖሮስ?

ያኔ መጠሪያችን እንኳ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበር። ክርስቲያን ወንድሞቻችንም አብረው ወጥተዋል፤ ይህን አንረሳም። በ1967 ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ።

ሰልፉ ባይኖር ምናልባት ዛሬም በዒድ ጠዋት የአዳማ፣ የሞጆና የዝዋይ ልጆች ደብተር ይዘው ክፍል ይገቡ ነበር፤ ሠራተኛውም ተክቢራውን ከቢሮ መስኮት ይሰማ ነበር። ደርግ ሳይጠየቅም ይሰጠን ነበር የሚል አለ። እኛ አይመስለንም፤ የተሰጠው የተጠየቀው ነበርና።

ከዚያ ሰልፍ የነበሩ ሽማግሌ በሶፋችሁ ካሉ፣ ከጁምዓ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው።