ዳገት፣ ቁልቁለትና ሸክም፦ በእግር ጉዞ የምናወጣውን ጉልበት ስለ መገመት



ቅዳሜና እሑድ እንጦጦ ወጥተው የሚመለሱ ተጓዦች የእጅ ሰዓታቸው ያሳያቸውን የካሎሪ ቁጥር እየተነጋገሩ ሲወርዱ ትሰማላችሁ። ሰዓቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ቁጥሩን በእርሳስ እንፈልገው።

ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው፣ ሸክም ሳይዝ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል 5 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 400 ሜትር ሽቅብ ወጣ እንበል። አካሉን ከስበት ጋር ታግሎ ለማንሣት የሚያስፈልገው ሥራ 60 በ9.8 በ400 ተባዝቶ 235 ሺህ ጁል ያህል፣ ማለትም 56 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከአንድ ሙዝ ያነሰ መሆኑ ተጓዦችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ነገር ግን ጡንቻ ከሚያቃጥለው ወደ ሥራ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ 56ቱ ወደ 225 ያድጋል። ለአግድሙ ጉዞ በኪሎ ግራምና በኪሎ ሜትር ግማሽ ኪሎ ካሎሪ ብንይዝ 150፣ ሰውነት ቁጭ ብሎም ለሚያወጣው 90 ብንጨምር፣ ድምሩ 465 ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ፓንዶልፍ፣ ጊቮኒና ጎልድማን በአሜሪካ ጦር የምርምር ተቋም ያወጡት የታወቀ ቀመር ለዚሁ ጉዞ በለስላሳ መንገድ 420 ያህል፣ ሳሳ ያለ ቁጥቋጦ ባለበት መንገድ ደግሞ 475 ያህል ይሰጣል። እንግዲህ የመንገዱ ዓይነት ብቻ ይህን ያህል የሚያወዛውዝ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ እርግጠኛ የሚመስል ሰዓት አላምንም። «ከ400 እስከ 500» ቢለኝ አከብረዋለሁ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሰዓቶች የሚቆጥሩት የልብ ምት ነው፤ ልብ ደግሞ በሙቀትም፣ በድንጋጤም፣ በቡናም ይፈጥናል።

እስካሁን የወጣነው ዳገት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስንወርድ ነው።

በዚያው በእንጦጦ መንገድ እንጨት አዝለው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ክብደቷ 50 ኪሎ ግራም የሆነች ሴት 30 ኪሎ ግራም ተሸክማ፣ በዚያው ፍጥነት፣ 8 በመቶ ተዳፋት ያለውን ቁልቁለት ስትወርድ በቀመሩ እናስላት። መልሱ 28 ዋት ገደማ ነው። ያለ ሸክም ቆማ ብትውል ግን ቀመሩ ራሱ 75 ዋት ይሰጣታል! ሸክሙ ያሳረፋት ይመስል።

ስሕተቱ የሚገኘው ቀመሩ ካልተሠራበት ቦታ በመዋሉ ላይ ነው። የተቀመረው ለሜዳና ለዳገት ነው፤ ቁልቁለት ሲሰጠው ስበት ጉልበት የሚመልስልን ይመስል ይቀንሳል። በእውነቱ ግን የጭን ጡንቻ በየእርምጃው እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ይህ ከመውጣት ይረክሳል እንጂ ነፃ አይደለም። ያለ ሸክም የሚሄድ ሰው ወጪው ዝቅ የሚለው በ10 በመቶ ቁልቁለት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቀና እንደገና ይጨምራል። የተቋሙ ተመራማሪዎች ኋላ ላይ የቁልቁለት ማስተካከያ አክለዋል። ቢሆንም የቀመሩ መነሻ የጀርባ ቦርሳ ያነገተ ሰው እንጂ፣ በገመድ የታሰረ እንጨት አግድም አዝላ ያጎነበሰች ሴት አይደለችም።

እ.ኤ.አ. በ1986 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የኬንያ ሉኦና ኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን 20 በመቶ ያህል ሲሸከሙ ተጨማሪ ጉልበት እንደማያወጡ አሳይቷል። ይህን ጥናት «አፍሪካዊት ሴት ሸክም አይከብዳትም» በሚል የሚጠቅሱ ሰዎች ያበሳጩኛል። የ50 ኪሎ ሃያ በመቶ 10 ኪሎ ነው፤ የምሳሌያችን ሴት የተሸከመችው 60 በመቶ ነው። የዕለት ምግብ ፍላጎቷ በ28 ዋቱ ቢሰላ፣ በወረቀት ላይ የጠገበች ሴት በቤቷ ትራባለች።

ማድረግ የሚገባን በራሷ መንገድ፣ በራሷ ሸክም፣ ፈቃዷን ጠይቀንና የምታጣውን ገቢ ከፍለን፣ የምትተነፍሰውን ኦክስጅን መለካት ነው። በሰውነት ውስጥ የዋለ አንድ ሊትር ኦክስጅን 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ መሣሪያውም በጀርባ የሚታዘል ሆኗል። ክብደቱ ግን በሸክሟ ላይ መደመር አለበት።

ስሌቱን ከሰሌዳው ሳላጠፋ ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።