ለሕፃናት ዜማን ስለ ማስተማር የተነገረ ቃል



ሕፃን ፊደልን ከማወቁ አስቀድሞ ዜማን ያውቃል። በማሕፀን ሳለ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ ከተወለደም በኋላ በእሹሩሩ ያንቀላፋል።

ከየካ ዋሻ ሚካኤል ጀምሮ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ እስከ ደፉባት እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ፥ የቄስ ትምህርት ቤት በነበረበት ስፍራ ሁሉ ልጆች 231ዱን ፊደል በስንደዶ እየጠቆሙ በአንድነት እያዜሙ ይማሩ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይን ሲያይ፥ ጆሮ ሲሰማ፥ እጅ ሲጠቁም፥ ልብ ሁሉን ባንድነት ይይዛል። የሚቀራረቡትን ድምፆች ለይቶ መስማትም ለንባብ ይረዳል። በጭብጨባና በከበሮ የሚከተል ሕፃን ደግሞ ተራውን መጠበቅን፥ ትንፋሹን መግዛትን፥ ከባልንጀራው ጋር መስማማትን ይለምዳል።

ነገር ግን አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ቶሎ ባይዝ፥ «ዜማ አልተሰጠውም» ብለው ያስቀሩታል። ቅዱስ ያሬድም በገድሉ እንደ ተጻፈ፥ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ቢል መምህሩ ገረፈው፤ እርሱም ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉን ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ያስተማረ ይኸው የዘገየ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ተስፋ ቈርጠው ቢተዉት ኖሮ ድጓ ከወዴት በተገኘ ነበር?

ዜማ ሕፃንን ባንድ ቀን ሊቅ አያደርገውም፤ በየሰንበቱ በጥቂት በጥቂቱ ያሳድገዋል እንጂ። ስለዚህ ድምፁ የሳተውን ሕፃን «ዝም በል» ከማለት፥ ከአጠገቡ ቆሞ ቀስ ብሎ አብሮት ማዜም ይሻላል።