የሰሌዳ ሠሪው መሣሪያ

አንደኛ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ መገባደጃ የባልሳው እንጨት ስፍራውን ለፎም መልቀቅ ከጀመረ ወዲህ፣ የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ በገዛ እጁ ሊሠራ የተነሣ፣ ነገር ግን ኪሱ የሳሳ ሰው፣ ፋይበርግላስ ለብሶ ሬዚኑ የደረቀበትን ሰሌዳ ለማለስለስ የትኛውን ማሽን ቢገዛ ይበጀዋል ይላሉ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ወንድሜ፣ የመሣሪያ ክብሩ በኃይሉ ሳይሆን በመታዘዙ ነው። ብረት መቁረጫው ግራይንደር ርካሽ ቢሆንም፣ በደቂቃ እስከ 10,000 ዙር ያህል እየከነፈ ሬዚኑን በግለት አቃጥሎ የፋይበርግላሱን ጨርቅ ይበላዋል፤ ብዙ ጠቢባን የሚመርጡት ግን፣ ለመኪና ቀለም መወልወያ የተሠራውን፣ ፍጥነቱ ከ600 እስከ 3,000 ዙር የሚወሰነውን፣ እንደ ማኪታ 9227 ያለውን ማሽን ነው፤ ለስላሳ ትራስ ሲገጠምለት የሰሌዳውን ጉብጠት ተከትሎ ይሄዳልና።

አንደኛ አቅራቢ፦ ዋጋው ቢከብደውስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እንግዲያውስ በትዕግሥት አነስተኛውን ኦርቢታል ማለስለሻ ይያዝ፤ ሥራው ቢዘገይም ጥፋቱ ጥቂት ነው፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለም? ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአቧራ ጭንብል ይግዛ፤ ማሽን ይለወጣል፣ ሳንባ ግን ምትክ የለውም።

አንደኛ አቅራቢ፦ እውነት ብለዋል።