መዝገቡ በማን እጅ ነው?

(በፒያሳ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ለተሰበሰበው ጀመዓ የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ጉዳያችን በስልካቸው ደዕዋ የሚያደርሱ፣ ቁርኣን የሚያስተምሩ፣ መንዙማና ነሺዳ የሚያሰሙ፣ የሙስሊሙን ጉዳይ የሚዘግቡ ልጆቻችንን ይመለከታል። እነርሱን የምናዳምጠውን እኛንም ይመለከታል። ነገሩን ከሩቅ አናመጣውም፤ ከዚሁ ከዶሮ ማነቂያ እንጀምር።

በ2016 ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ከቤቱ ጋር አድራሻችንም አብሮ ፈረሰ። «ከሻይ ቤቱ ዝቅ ብሎ»፣ «ከሥጋ ቤቱ ጀርባ» እያልን ሰው የምንጠቁምበት ምልክት ሁሉ ጠፋ። ብዙዎቻችን በቀበሌ ቤት ነበር የምንኖረው። ወልደን አሳድገንበታል፣ ድረን ኩለንበታል፤ ካርታው ግን በእጃችን አልነበረም። በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር አየን። በበሩ በሚያልፈው ሰው ብቻ ይተማመን የነበረ ባለ ሱቅ፣ ሱቁ ሲፈርስ ደንበኛውም አብሮ ጠፋበት። ለማን ደውሎ «እዚህ ነኝ» ይበል? የማንንም ስልክ አልያዘም። እድሩ ግን አልጠፋም። ጸሐፊው መዝገብ ነበራቸው። ሰው በየአቅጣጫው ተበትኖም ሞት ሲሰማ ለማን እንደሚደወል ያውቃሉ። የእኛም መድረሳ የተረፈው በአንድ ደብተር ነው። የወላጆች ስልክ የተጻፈበትን ያንን ደብተር ይዘን ስንደውል ከረምን፤ አብዛኞቹን ልጆች አገኘናቸው። ቦታው ሄደ፣ መዝገቡ ቀረ። አልሐምዱሊላህ!

ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ሌላ ቤት ፈርሶብን ነበር፤ እርሱ መዝገብ አልነበረውም። ለልጆች የተጅዊድ ትምህርት የምንጭንበት አንድ የቪዲዮ ገጽ ነበረን። አራት ዓመት ሠራንበት፤ ተከታዮቹ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ ስንከፍተው «ደንብ ስለጣሳችሁ ተዘግቷል» ይላል። የትኛውን ደንብ? አይናገርም። አቤት አልን፤ የመጣልን መልስ ያው የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ከነዚያ ሁሉ ተከታዮች የአንዱንም ስልክ አናውቅም ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የስልካችን ሚሞሪ ሲሞላ ዋናዎቹን ቅጂዎች እያጠፋን «ኦንላይን ስላለ ምን ችግር አለው» ስንል መኖራችን ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመድረኩ ላይ አናላክክም። እኛም አደራችንን በሰው ቤት አስቀምጠን ቁልፍ አልያዝንም።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በ2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ከሰኔ 23 ቀን 2012 በኋላም ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየች። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ዩትዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን አልከፈት አሉ። አምስት ወር ማለት ነው። ማንም ሳይዘጋውም ይጠፋል። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ኩባንያው ራሱ በፈጠረው ስህተት በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋረጡ። ማይስፔስ የተባለው፣ አንድ ሰሞን ዓለም የተሰበሰበበት የአሜሪካ መድረክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ሰዎች በ12 ዓመት ውስጥ የጫኑት ሙዚቃ፣ ፎቶና ቪዲዮ ዕቃ ሲቀይር እንደጠፋበት አስታወቀ። ባለቤቶቹ ለዓመታት «እዚያ አለ» ብለው ተኝተው ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! መዘጋቱ ከጉዳቱ የሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው በአንደበታችን ላይ የሚደርሰው ነው። በሰው ደጅ የሚያድር ሰው ድምፁን ለባለቤቱ ጆሮ ይመጥናል። መድረኩ ቁጣና ንትርክ ያለበትን ወደፊት ይገፋል፤ ረጋ ብሎ የሚያስተምረውን ወደ ኋላ ይተወዋል። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ይህንኑ ስትመሰክር የሀገራችንን የኢትዮጵያን ስም ጠርታለች። እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ስለ ውዱእ አደራረግ የሚያስተምረው ወጣት ሃምሳ ሰው ሲያይለት ይከርማል፤ አንድ ቀን ሌላውን ኡስታዝ ሲዘልፍ ሃምሳ ሺህ ሰው ያይለታል። በሚቀጥለው ሳምንት ምን ይዞ ይመጣል? ዝለፋ! ማንም አላዘዘውም፤ ቁጥሩ ግን አዘዘው። የሙስሊሙ አንድነት በቪው ብዛት እየተሸጠ ነው።

ቀደምቶቻችን በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ትተውልናል። ከየማማ ዘመቻ በኋላ ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች ሸሂድ ሲሆኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሰጉ፤ አቡበክርም (ረ.ዐ) ዘይድ ኢብን ሣቢትን በየቦታው የተጻፈውንና በየደረቱ የተያዘውን እንዲሰበስብ አዘዙት። ቁርኣን በልብ ተይዞ ነበር፤ ያም ሆኖ በጽሑፍም አሰባሰቡት። አላህ እንደሚጠብቀው እያወቁ ሰበቡን አላጓደሉም።

በቅርቡ ታሪካችንም እንዲሁ ነው። በ2004 የ«ሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ሲታሰር ኅትመቱ ዝም አለ፤ የ«ድምፃችን ይሰማ» መልእክት በፌስቡክ ገጽ መድረሱን ቀጠለ። ነገር ግን ገጹ ብቻውን ሰው አላቆመም። ስልክ ያለው አንድ ሰው ያነባል፣ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ እናቶች በቡና ላይ ያወሩታል፤ ጁሙዓ ላይ ሁሉም ያውቀዋል። ገጹ በር ነበር፤ ቤቱ ጀመዓው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መድረኮቹን ጥለን እንውጣ አንልም። ሰው ያለው እዚያ ነው። ገበያ እንሄዳለን፤ ገበያ ውስጥ ግን አናድርም። ለዳዒዎቻችንና ለመድረሳዎቻችን አምስት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፦ ዋናውን ቅጂ እንያዝ። የተቀረጸ ትምህርት ሁሉ ከመጫኑ በፊት በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ አንዱ በመድረሳው፣ ሌላው በሌላ ሰፈር። የኡስታዙ ስምና ቀኑ ይጻፍበት። አሥር ዓመት ቆይቶ የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው ነው።

ሁለተኛ፦ መዝገብ እንክፈት። በቴሌግራም ቻናል አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ሰው የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ ስልካቸውን አይሰጠውም። ቻናሉ ሲዘጋ ሰዎቹም ይሄዳሉ። ስለዚህ በየትምህርቱ መጨረሻ «መልእክት እንዲደርሳችሁ የምትፈልጉ ስልካችሁን ወይም ኢሜይላችሁን ስጡን» እንበል። ከሺህ ተከታይ መቶው ቢመዘገብ፣ መቶው የእኛ ናቸው።

ሦስተኛ፦ የራሳችን አድራሻ ይኑረን። ዶሜይን የሚባለው የድረ ገጽ ስም በየዓመቱ እየተከፈለበት የሚያዝ ነው። ጽሑፋችንና ድምፃችን የተቀመጠበት ኩባንያ ቢያስቸግረን ዕቃችንን ይዘን ወደ ሌላው እንሄዳለን፤ ስሙ አይቀየርም። ቀፎ ስንቀይር ሲም ካርዳችን እንደማይቀየር ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፦ ስሙም የይለፍ ቃሉም ድረ ገጹን በሠራው ልጅ ስም ብቻ አይመዝገብ። ልጁ ውጭ ሀገር ሲሄድ ደጁም አብሮት ይሄዳል። በመድረሳው ስም ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው።

አራተኛ፦ ገቢያችን ከአንድ ቧንቧ አይቀዳ። የማስታወቂያ ክፍያ የሚጠብቅ ዳዒ ከትምህርቱ በፊት የማይፈልገው ማስታወቂያ ሊመጣበት ይችላል። ከዚያ ይልቅ ኪታብ አሳትሞ መሸጥ፣ ከተመዘገቡት ሰዎች በየወሩ ትንሽ ትንሽ መዋጮ መሰብሰብ ይቻላል። ወቅፍም አለ። አንድ ነጋዴ የአንድ ካሜራ ዋጋ፣ ሌላው የዓመት የድረ ገጽ ክፍያ ወቅፍ ቢያደርግስ? ፊቅህ እንደምናውቀው ሰው የራሱ ያልሆነውን ወቅፍ ማድረግ አይችልም። አራት ዓመት የደከምንበትን ገጽ ለልጆቻችን ማውረስ ያልቻልነው የእኛ ስላልነበረ ነው።

አምስተኛ፦ ከኢንተርኔት ውጭ ያለውን መንገድ አንርሳ። መንዙማው በካሴት በየቤቱ የገባበትን ዘመን አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ካሴቱ ቤት ከገባ በኋላ ማንም ከሩቅ ሆኖ አያጠፋውም። ዛሬም ሚሞሪ ካርድ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ ዜንደር አለ፣ አጭር መልእክት አለ፣ የመስጂዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ኔትወርክ በጠፋበት ሳምንት ትምህርት የሚደርሰው በእነዚህ ነው።

አንድ ከባድ ነገር እንጨምር። መዝገብ አማና ነው። ስም ዝርዝር በማይገባው እጅ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ለዚህ ጀመዓ አንነግረውም። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ አንጻፍ፤ መጠሪያ ስምና ስልክ ይበቃል። ያለ ፈቃድ ማንንም አንመዝግብ፣ «አውጡኝ» ያለንን በዕለቱ እንሰርዝ፣ ለነጋዴም ለፖለቲከኛም አሳልፈን አንስጥ። ይህን መጠበቅ የማይችል ሰው መዝገብ ባይከፍት ይሻለዋል።

እናንተ አባቶችና እናቶችም ድርሻ አላችሁ። የምታዳምጡትን ኡስታዝ መድረኩ እስኪያመጣላችሁ አትጠብቁ፤ ፈልጋችሁ ሂዱ፣ ስልካችሁን ስጡት፣ ትምህርቱን በሚሞሪ ካርድ ያዙ፣ ከቻላችሁ በወር አንድ ነገር ጣሉለት። ዝለፋ ሲለቅ ደግሞ አታጋሩለት፤ ጠርታችሁ ምከሩት። ቁጥሩ ሲያዘው ዝም ካልን እኛም ከቁጥሩ ውስጥ ነን።

ዛሬ ከዚህ ስንወጣ በር ላይ አንድ ደብተር ይጠብቀናል። ከዶሮ ማነቂያ የተበተንን ሁሉ፣ የፈቀደ ስሙንና ስልኩን ይጻፍበት። የልጆቹ የተጅዊድ ትምህርትም ኢንሻአላህ እንደገና ይቀረጻል፤ የመጀመሪያውን ቅጂ በቀጣዩ ወር በሚሞሪ ካርድ ከዚሁ ትወስዳላችሁ።

አላህ ሥራችንን ለርሱ ጥራት ያለው ያድርግልን፤ የተበተነውን ይሰብስብልን፤ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!